ፍሪጅ ላይ የተከመረው ፖስታ

የእህቴ ልጅ፣

እሑድ እናንተ ቤት ቡና ስንጠጣ ስኳር ፍለጋ ፍሪጁ ላይ እጄን ብሰድ የፖስታ ክምር አገኘሁ። አንዱም አልተከፈተም። ከባልሽ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ወዲህ የመጡ መሆናቸውን ለማወቅ መክፈት አላስፈለገኝም፤ ቀዩ ጽሑፍ በፖስታው መስኮት በኩል ይታያል። አንቺም ሳያቸው አይተሽኛል። ሁለታችንም ዝም አልን። «ዝም አይነቅዝም» ብለው ያሳደጉን ሰዎች የሆስፒታል ቢል አያውቁም ነበር። ይሄኛው ዝም ሲሉት ይነቅዛል።

የኔን ስህተት ልንገርሽና አንቺ አትድገሚው። በፈረንጆቹ 2012 ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስታደርግ ታክሲ እነዳ ነበር፤ ኢንሹራንስ አልነበረንም። ከቢሊንግ ኦፊስ የደወለችልኝ ልጅ ጨዋ ነበረች። «በወር ስንት ትችላለህ?» አለችኝ። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ትንሽ ብል የምትንቀኝ መሰለኝ። «አራት መቶ ሃምሳ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ስደምር፣ የቤት ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ ከዚያ ያንሳል። ሁለት ወር ከፈልኩ፣ በሦስተኛው አቃተኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ከኮሌክሽን፣ ከዕዳ ሰብሳቢዎቹ፣ ተደወለ። በኋላ እንደገባኝ ያን ጥያቄ ያን ቀን መመለስ አልነበረብኝም። ከሱ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች ነበሩ፤ ጠያቂውም እኔ መሆን ነበረብኝ።

ስለዚህ ፖስታዎቹን አውርደሽ ምንጣፉ ላይ ዘርጊያቸው። አንድ ኦፕራሲዮን በአንድ ቢል አያልቅም፤ ሆስፒታሉ ለብቻ፣ ማደንዘዣ የሰጠው ሐኪም ለብቻ፣ አምቡላንሱ ለብቻ ይልካሉ። ከኢንሹራንስ የመጣው ወረቀት ራሱ ላይ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ተጽፎበታል፤ እሱን እንዳትጥይው፣ የናንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ ከጠየቀ አንድ የተበላሸ ነገር አለ። በድንገተኛ ክፍል የታከመን ሰው ደግሞ ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የለውም ብሎ ልዩነቱን ማስከፈል ከ2022 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። (በመኪና የሚመጣው አምቡላንስ ግን ሕጉ ውስጥ አልገባም፤ ለምን ቢሉ ኮንግረሱን ይጠይቁ።) ከዚያ ደውለሽ «ኢተማይዝድ ቢል ላኩልኝ» በያቸው። ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ምርመራ ወይም ያልተሰጠ መድኃኒት ካለ የሚታየው ዝርዝሩ ላይ ነው።

እንግሊዝኛሽ ለሥራሽ ይበቃል፤ ለዚህ ግን የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። አትከፍይበትም። ትልቋ ልጅሽ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ዕዳ እንድታስተረጉም እንዳታደርጊ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል፣ እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ አብዛኛው እንደዚያ ነው፣ ከታክስ ነፃ ለመሆን ፋይናንሻል አሲስታንስ (የገንዘብ እርዳታ) የሚባል የጽሑፍ መመሪያ ማውጣትና ለታካሚው ማሳወቅ አለበት። ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችያለሽ፤ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቆምሽ ወይም ክሬዲትሽን ሊያበላሽ አይችልም። በሜሪላንድ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እጥፍ የማይበልጥ ቤተሰብ ሆስፒታሉ በነፃ ሊያክመው ይገባል። በ2025 ልኬት ለአራት ሰው ይህ በዓመት 64,300 ዶላር ነው። ባልሽ ፓርኪንግ፣ አንቺ ዴይኬር፣ ሁለት ልጅ፤ እስቲ የታክስ ወረቀታችሁን አውጥተሽ አስተያይው። ትንሽ ብታልፉም የሕክምና ዕዳው ከዓመት ገቢያችሁ ሩብ በላይ ከሆነ ቅናሽ የሚገኝበት መንገድ አለ።

ቅጹ የታክስ ወረቀትና የቅርብ ጊዜ ፔይስታብ ይፈልጋል፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። መሙላቱ ሳይሆን ይሉኝታው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ «ምጽዋት ጠየቀች» እንዳይሉሽ። ምጽዋት አይደለም። እነሱ ታክስ የማይከፍሉት ለዚህ ሲባል ነው፤ ካንቺ ግን በየፔይቼኩ ይቆረጣል። ለጎፈንድሚ ፎቶ ከማውጣትሽና በየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ከማሰባሰብሽ በፊት መጀመሪያ ይህን ጠይቂ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፤ የሆስፒታሉ እርዳታ ለብቻ ቢል የሚልኩትን ሐኪሞች ሁሉ ላይሸፍን ይችላል። መመሪያው የትኞቹ እንደተካተቱ ይዘረዝራል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የቀረ ካለ፣ ስለ ወር ክፍያ የሚወራው ያኔ ነው። ከመደወልሽ በፊት ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ቤንዚኑን፣ ለእናትሽ የምትልኪውን ሁሉ ቀንሰሽ የሚተርፈውን ጻፊ፤ ከሱም ግማሹን ብቻ ያዢ። በዚህ ስቴት ከ2021ዱ ሕግ ወዲህ የሆስፒታል የወር ክፍያ ከገቢሽ 5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ሲጠሩልሽ ይህን አስታውሻቸው። ወለድ እንደሌለው ጠይቂ። የትኞቹ የአካውንት ቁጥሮች እንደተካተቱ ጠይቂ፤ እኔ አንዱን ስከፍል ሌላው ኮሌክሽን ገብቶ አግኝቼዋለሁ። የተስማማችሁበት በጽሑፍ ሳይመጣ አንድ ሳንቲም አትላኪ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን የቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ላይ ጻፊ፤ የኔ ካላንደር ያን ዓመት ከበዓላቱ ይልቅ የቢሊንግ ሠራተኞች ስም ይበዛበት ነበር።

ዕቁብሽ በቅርቡ የሚወጣልሽ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ «በአንዴ ብከፍል ስንት ትቀንሱልኛላችሁ?» በያቸው። ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ። ቢሊንግ ኦፊሱ ውስጥ የሚያቀርቡልሽን የሕክምና ክሬዲት ካርድ ግን እንዳትፈርሚ። «ለዓመት ወለድ የለውም» ይሉሻል፤ በዓመቱ ማብቂያ ትንሽ ከቀረሽ ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆጥረው ይጭኑብሻል። ከዚያ በኋላ ዕዳው የባንክ እንጂ የሆስፒታል አይደለምና የነገርኩሽ ጥበቃ አብሮ ይጠፋል።

ኮሌክሽን ቢደውል አትደንግጪ፣ ስልክ ላይም ምንም አትክፈይ። ማስታወቂያቸው ከደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳው የኔ መሆኑን አረጋግጡ» ብለሽ በደብዳቤ መጠየቅ መብትሽ ነው። ክሬዲትሽን እናበላሻለን ሲሉሽ ደግሞ ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ዕዳ ከ2023 ጀምሮ እንደማይመዘግቡ፣ ከዚያ በላይ የሆነውንም ዓመት ሳይሞላው እንደማያስገቡ እወቂ።

ሰኞ ዕረፍት ነኝ። ጠዋት መጥቼ ኩሽና እቀመጣለሁ፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው፣ እኔ አልናገርም። የጻፍሽውን ቁጥር ፊትሽ አስቀምጪ። የቢሊንግ ኦፊሷ ልጅ «በወር ስንት ትችያለሽ?» ስትልሽ ወዲያው አትመልሺ፤ «መጀመሪያ የፋይናንሻል አሲስታንስ ቅጹን ላኪልኝ» በያት።