ለጥበብ ተማሪ ቀለቡን ማን ይስፈር?

አንድ ወጣት ወደ ውጭ አገር ሄዶ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ሊማር ነው ሲባል «እሰይ» እንላለን፤ ውዝዋዜ ሊማር ነው ቢባል ግን ብዙዎቻችን ፈገግ ማለታችን አይቀርም። የህንድ መንግሥት በዚህ አይስቅም። በ1950 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት፣ አበል እየከፈለ የውጭ አገር ተማሪዎችን ከሚያስተምራቸው ነገሮች መካከል የአገሪቱ ጥንታዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ ይገኙበታል። እንግዲህ እግርን በምት ማንሣትና እጅን በሥርዓት መዘርጋት የመንግሥት ገንዘብ ሊወጣበት ይገባልን?

ከሰው ሁሉ ይልቅ የደብረ ታቦር ሰው በዚህ ጥያቄ ሊስቅ አይገባውም። በቀልዳቸው ብቻ የምናስታውሳቸው የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የአቋቋም ስልት ያበጁ ሊቅ ነበሩ፤ ስልቱም በልጃቸው ስም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ የደብረ ታቦር መታወቂያ ሆኗል። ሽብሸባው ጸሎት ስለሆነ ከጭፈራ አንቈጥረውም፤ የህንዱም ቢሆን ከቤተ መቅደስ ጋር የኖረ ነው። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ምልክቱ ዜማውን በብራና ላይ ይጠቁማል፤ የመቋሚያውን አነሣሥና የወገብን ዘንበል ማለት ግን ብራና አይዘውም። ከመምህሩ አካል ወደ ተማሪው አካል በብዙ ዓመት ይተላለፋል እንጂ። ለዚያ ሁሉ ዓመት ደግሞ እንጀራ ያስፈልጋል።

የቆሎ ተማሪው እንጀራውን የሚያገኘው ከደጅ ነው። ድጓውን በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ ለመማር ከዘመዱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለውሻው በትር ይዞ በየቤቱ ይቆማል። ከልጆቿ ድርሻ ቈርሳ የምትሰጠው እናት ምን እንደሚማር፣ መቼ እንደሚጨርስ፣ ተመልሶም ያገለግላት እንደሆነ አትጠይቀውም። የመንግሥት አበል ግን ውልና ዋስ ይጠይቃል።

ረኀብ ተማሪን ትሕትና ያስተምረዋል የሚሉ አሉ። ይህን ቃል አዘውትረን የሰማነው ከጠገበ ሰው ነው። ዝናም በቀረ ዓመት ገበሬው ራሱ የሚቀምሰው ሲያጣ ተማሪው ይበተናል፤ ጉባኤውም ይፈታል። ስለዚህ ጥበብን በደጅ እንጀራ ላይ ብቻ ማንጠልጠል፣ ለዝናም አሳልፎ መስጠት ነው። አበሉ ይሰጥ እንላለን፤ አስቀድሞ ግን ለመምህሩ ይሰጥ። ተማሪውን ባሕር ማሻገር ይቻላል፤ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ማን ይቀበለዋል?

የምንፈራውም ነገር አለ። ቀለቡ ከግምጃ ቤት የመጣ ዕለት፣ ያች እናት ጥበቡን «የእኔ ነው» ማለቷን ትተው ይሆን? በኬረላ ባለቅኔው ቫላቶል የአገሩ ጥንታዊ የቲያትር ውዝዋዜ ካታካሊ ሲዳከም አይቶ ሎተሪ እያስሸጠ ገንዘብ ሰበሰበ፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ካላማንዳላም የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። የመንግሥት ድጋፍ የመጣው በኋላ ነው፤ ትኬቱን የገዛው ሕዝብ ቀድሞ እጁን አስገብቶበታል።

በእኛም አገር የቆሎ ተማሪ ብድሩን የሚመልስበት ቀን አለው። የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ሲደርስ፣ «ስለ ደብረ ታቦር» እያለ የሰበሰበውን እህል ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ የሰጡትን ሰዎች በተራው ይጋብዛል። በዚያን ዕለት ሰጪዋ ከተማሪው ጎጆ ተቀምጣ ትጠጣለች፤ ቆሞ የሚያሳልፈውም እርሱ ነው።