ሣሩ የአንዱ፣ አውሬው የሁሉ

«ይህ የእኔ ነው» የሚል ሰው ጣቱን የሚቀስርበት ወሰን አለው፤ ቤት፣ እርሻ ወይም በረት። ለመሆኑ ወሰን የማያውቅ፣ ዛሬ ከአንዱ ሜዳ ነገ ከሌላው የሚያድር ፍጡር የማን ሊባል ይችላል?

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ሜዳዎች ፕሮንግሆርን የሚባል፣ ሚዳቋ የሚመስል፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ እንስሳ ይኖራል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአደን ብዛት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ከዚያ ያተረፈው የሕግ ጥበቃ ነው። በብዛት በሚገኝበት በዋዮሚንግ አውሬው የግዛቲቱ፣ ማለትም የሕዝቡ ሀብት ሲሆን፣ መሬቱ ግን የባለቤቱ ነው። አዳኙ ፈቃድ ቢይዝም ያለ ባለመሬቱ ይሁንታ ወደ ግል ይዞታ ገብቶ ሊያድን አይችልም፤ ባለመሬቱም በገዛ ሜዳው የሚግጠውን አውሬ ያለ ፈቃድ ሊገድል አይችልም።

ከባለመሬቶቹ አንዳንዶቹ የመግቢያ ዋጋ ያስከፍላሉ። «ለከብቶቼ ያሰብሁትን ሣር አውሬው ይግጠዋል፤ ካሣ ብጠይቅ ምን ነውር አለው?» ቢሉ አነጋገራቸው ሐሰት አይደለም። ግዛቲቱም ይህን ስለ ተረዳች፣ በግል መሬት ላይ የገደለ አዳኝ ከፈቃዱ ላይ ኩፖን ቆርጦ ለባለመሬቱ እንዲሰጥና ባለመሬቱ በዚያ ገንዘብ እንዲቀበል ደንግጋለች። ነገር ግን የመግቢያው ዋጋ እየናረ በሄደ ቁጥር የሁሉ የተባለው አውሬ የባለጠጋ ብቻ ይሆናል። በስም የሕዝብ፣ በግብር የጥቂቶች የሆነ ሀብት ደግሞ ከግል ሀብት በምን ይለያል?

ከዚህ የከበደው ጥያቄ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በዋዮሚንግ ሬድ ሪም በተባለ ስፍራ አንድ ባለመሬት 45 ኪሎ ሜትር ያህል አጥር አጠረ። እ.ኤ.አ. ከ1862 ጀምሮ ለባቡር ሐዲድ ሥራ በተሰጠው መሬት ምክንያት በዚያ አገር የግልና የሕዝብ መሬት እንደ ዳማ ገበታ ተሰበጣጥሮ ይገኛል፤ ስለዚህ አጥሩ የሕዝቡንም መሬት በውስጡ ዘጋ። ፕሮንግሆርን እንደ አጋዘን አጥር አይዘልም፤ ከሥር ሾልኮ ማለፍን ይመርጣል፤ ይህ አጥር ግን ማለፊያ አልነበረውም። መንጋው ክረምቱን ከሚያሳልፍበት ቁጥቋጦ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የሕዝብ መሬት እንዳይታጠር በ1885 የወጣውን ሕግ መሠረት አድርጎ፣ አጥሩ ለአውሬው መተላለፊያ እንዲሰጥ የተላለፈውን ውሳኔ አጸና።

እንግዲህ ባለቤትነት ፍጹም ሥልጣን አይደለም ማለት ነው። ሰው በሩን ለእንግዳ መዝጋት ይችላል፤ ለነፍሱ የሚሄደውን ፍጡር መንገድ መዝጋት ግን የእርሱ ድርሻ አይደለም። አዳኙም ቢሆን ከባለመሬቱ ደጅ ቆሞ ፈቃድ መጠየቁን እንደ ውርደት አይቍጠረው፤ ሊጥለው የተነሣው አውሬ የደለበው በሌላው ሰው ሣር ነውና። ባለመሬቱም ሲመልስለት እንዲህ ብሎ ያስብ፤ አውሬው ወደ ሜዳው ሲገባ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ሲወጣም አይጠይቅም።