63ኛው ቀን

ነሐሴ 2015 ነው። ደብረ ብርሃን፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ልጆችን እመዘግብ ነበር። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለውን ልጅ የምንለየው በድሮው መንገድ ነው፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካል። ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ይባላል፣ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። አንድ ልጅ ጣቱ ከጆሮው ጫፍ ጥቂት አነሰው። ሊደርስበት አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ ‹‹አንገት አይዘነበልም›› አልኩት። እናቱ ‹‹መምህር፣ የወለድኩበት ዓመት ይጠፋኛል እንዴ?›› ብላ ለመነችኝ። መለስኳቸው። በሩን ሲወጡ ሳይ የራሴ ልጅ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ዛሬ በዚሁ ሰልፍ ትቆም እንደነበር ትዝ አለኝ። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስተኛኝም። የልጅን ቀን የሚቆጥረው ማን ነው? ቁጥሩ ሳይሞላ የቀረ ልጅስ የማን ነው?

በኩር ልጄን በ2003 ስወልድ ይህ ጥያቄ አልነበረኝም። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ። በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ወሰደ። ግድግዳውን ለቆ ሲቆም ‹‹ወፌ ቆመች›› እያልን አጨበጨብንለት። የመጀመሪያ ጥርሱ ሲወልቅ ራሱ ጣሪያ ላይ ወረወረው። ሁሉም በሰዓቱ ስለመጣ ሰዓቱን ማን እንደ ሠራው አልጠየቅሁም።

ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 5 ቀን 2009 ነው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ክርስትና የምትነሣበት 80 ቀኗ የሚሞላው ታኅሣሥ 24፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ዕለት ነበር፤ አማቴ ይህን በጣታቸው ቆጥረው ሲደርሱበት እልል አሉ። ክርስትና እናቷ ተመረጠች፣ ነጭ ልብሷ ተሰፋ። ኅዳር 19 በ45 ቀኗ የመጀመሪያውን ክትባት ተከተበች፤ ሁለተኛው በ70 ቀኗ ተቀጠረ። የልደት ምዝገባ በአገሩ ሁሉ ከተጀመረ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ሕጉ 90 ቀን ስለሚሰጥ ‹‹ከክርስትናው በኋላ እናስመዘግባታለን›› ተባባልን። ታኅሣሥ 7 ንጋት ላይ ሞተች። 63ኛ ቀኗ ነበር።

የዚያ ሰሞን ውርጭ ደጅ ላይ የተረሳ ውኃ ያረጋ ነበር። ሁለት ቀን አሳላት። አማቴ ‹‹ምች ነው›› ብለው ዳማከሴ አሹላት፤ እሳቸውን አልወቅስም፣ እጃቸው ያለው እሱ ነበር። በመጨረሻዋ ሌሊት ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይል ነበር። ያ የከባድ የሳንባ ምች ምልክት እንደሆነና እስኪነጋ እንደማይጠበቅበት ዛሬ ለማገኛት እናት ሁሉ እናገራለሁ። ያኔ አላወቅሁም። ሆስፒታል ስንደርስ ነግቶ ነበር፤ እሷም አልፋ ነበር።

የንስሐ አባታችን መጡ። ‹‹ልጄ፣ ቀኗ አልሞላም። ክርስትና ላልተነሣ ፍትሐት የለም›› አሉኝ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበሯት። እኔም የወለድኩበት ቀን ስላልሞላ ወደ ቅጽሩ አልገባም ነበር። እሷም እኔም ውጭ ቀረን።

በ13 ዓመቴ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር፤ ለወንድ 40 ሆኖ ለሴት ለምን እጥፍ ሆነ? ‹‹ያሳተችው ሔዋን ስለሆነች ነዋ›› አለኝና፣ ጥያቄ አበዛሽ ብሎ ትምህርቱ እስኪያልቅ አቆመኝ። ልጆቹ እያዩኝ ቆምኩ። ያን መልስ ሃያ ዓመት ያህል ይዤው ኖርኩ፤ ልጄን ስቀብርም ይዤው ነበር። መጽሐፉን ራሴ የገለጥኩት ከዚያች ነሐሴ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን አነበብኩ። ወንድ የወለደች 7 ቀን፣ ቀጥሎ 33 ቀን ትቆያለች፤ 40 ይሆናል። ሴት የወለደች 14 ቀን፣ ቀጥሎ 66 ቀን፤ 80 ይሆናል። የሚቆጠረው የእናቲቱ ቀን ነው። ሕፃኑ ይጠብቅ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ ቁጥሩ የእኔ ከሆነ ልጄ በእኔ ቁጥር ለምን ታሰረች?

ይህን ይዤ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። መስቀል ተሳልሜ ነገርኳቸው። ‹‹ኩፋሌን ጨምሪበት›› አሉኝ። ጨመርኩበት። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በእኛው ግዕዝ ነው፤ እኛ ግን ልጆቻችንን የምናስተምረው ሳናነበው ነው። ምዕራፍ 3 ላይ አዳም በተፈጠረበት ምድር 40 ቀን ቆይቶ ወደ ገነት እንደገባ፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን እንደገባች፣ ለወላዶች ሕግ የተሠራውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። እባብ የመጣው ገነት ውስጥ ሰባት ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው። ሔዋን 80 ቀን ስትጠብቅ ገና አንዳች አላጠፋችም። ቁጥሩ ቅጣት አይደለም። ያ አስተማሪ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሔዋንን አማ፣ እኔንም፣ በኋላም ልጄን በቅጣት ውስጥ አኖረን። ይቅር ብዬዋለሁ ማለት አልችልም።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነገር ነው እንድጽፍ ያስገደደኝ። በ63ኛው ቀኗ ሔዋን የት ነበረች? ከገነት ውጭ ነበረች። አልገባችም፣ ቀኗም አልሞላም። ግን ጠፍታ አልነበረም፣ በፈጠራት እጅ ነበረች። ‹‹ቀኗ አልሞላም›› የሚለው ቃል ለሔዋን የመጠበቅ ቃል ከሆነ ለልጄ የመጥፋት ቃል የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? እግዚአብሔር የፈጠረውን እንደማይረሳ ለማስረዳት ቃል አላባክንም፤ እሱ ግልጽ ነው።

አባ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ‹‹ሔዋን በመጨረሻ ገብታለች›› አሉኝ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3ንም አነሡ፣ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ። ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተልሔም ሕፃናት አነሣሁባቸው። ‹‹እነሱ በደማቸው ተጠመቁ›› አሉ። ‹‹የኔዋስ፣ አባ?›› አልኳቸው። መስቀላቸውን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። ‹‹ትርጓሜ ለብቻ አይወጣም፣ ልጄ›› ብለው ተነሡ።

እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ነገር ግን አለ፤ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሞት የተቃረበ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ እንዲጠመቅ ትፈቅዳለች። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ካህናት ሁሉ ያውቁታል። ‹‹ታዲያ በሩን የዘጋው ቁጥሩ ሳይሆን አንቺ ነሽ፤ ለምን ካህን አላስጠራሽም?›› ይለኛል።

የመጀመሪያ መልሴ ‹‹ማንም አልነገረኝም›› የሚል ነበር። እውነት ነው። አርባና ሰማንያን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ለታመመ ሕፃን ቀን እንደማይጠበቅ የሰማሁት ግን ልጄን ከቀበርኩ በኋላ፣ ለቅሶ ላይ፣ ከአንዲት ጎረቤት ነው። ‹‹ውይ፣ አስጠምቀሻት ቢሆን›› አለች። ከሞቷ ይልቅ ያቺ ቃል አደቀቀችኝ። ደንቡን አስተምሮ መውጫውን የሚደብቅ አስተማሪ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው? ስል ብዙ ወር ተናደድኩ።

ግን መልሱ አይበቃም። ያን ሌሊት ቢነገረኝ ኖሮ እጠራ ነበር ወይ? ራሴን ስመረምር እዚህ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። አማቴ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ‹‹አባን እንጥራ ይሆን?›› ብለው ነበር። የጠየቁት ለጸሎት ይሁን ለጥምቀት አላውቅም፤ በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኋቸውም። እኔ ‹‹ይንጋ›› አልኩ። ያልኩትም ካህን በሌሊት ከገባ ሞት ተከትሎት የሚገባ ስለመሰለኝ ነው። በ63 ቀኗ ብትጠመቅ 80ውን እንደማትደርስ በአፌ መመስከሬ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 24ን ስጠብቅ የነበረው በሃይማኖት አይደለም፤ 24 ካለ ልጄ እስከዚያ ትኖራለች ብዬ ነው። ሌላውም ቀጠሮ፣ የ70ውም የ90ውም፣ ለእኔ እንደ ተስፋ ቃል ነበር። ለካ ማንም ቃል አልገባልኝም።

ጥፋቱን እንዴት እንደማካፍል አላውቅም። ጥቂቱ የአስተማሪዬ ነው፣ ጥቂቱ የልማዳችን፣ ጥቂቱ የ‹‹ይንጋ›› ባይዋ። ሚዛኑ በየሌሊቱ ይለዋወጣል።

በ2011 ሌላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ይህን ሁሉ ያኔ ገና አላነበብኩም ነበር፤ ግን ባነብም የማደርገው ያንኑ ይመስለኛል። 80 ቀን ጠበቅሁ። በየሌሊቱ ጎኗን በባትሪ እያየሁ፣ አተነፋፈሷን እየቆጠርኩ ጠበቅሁ፤ የካህኑን ስልክ ትራሴ ሥር አድርጌ። በ64ኛው ቀን ጠዋት ስትነቃ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ምን ሆንሽ አላለኝም፣ እሱም ሲቆጥር ኖሯል። አሁን ቁመቷን በር መቃን ላይ በእርሳስ እናሰምራለን። ከእሷ መስመር ጎን የማይሰመር ሌላ መስመር አለ፤ ቁመቱን በዓይኔ አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ በሁለት ዓመት ይበልጣታል።

የመለስኩት ልጅ በዓመቱ መጣ። እጁ ጆሮውን አልፎ ጉንጩን ይነካ ነበር። እናቱን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለምን እንደሆነ ግር አላት። ዛሬ ጆሮ አላስነካም። እናት የወለደችበትን ዓመት ከነገረችኝ እጽፋለሁ፤ ኃላፊዬ ይህን አይወድልኝም።

አርባና ሰማንያ ይሻሩ አልልም። በ80 ቀን ያስጠመቀች እናት ይሻሩ ልትል አትችልም። ልጄ ገነት ገብታለች ብዬም አልምልም፣ ለአባ ጥቅስ መልስ የለኝምና። ጠፍታለች የሚለኝን ግን፣ ካህንም ቢሆን፣ ከኩፋሌ ምዕራፍ 3 ጋር ተሟግቶ እስኪረታ አልሰማውም።

አባቶቼ ካህናት፣ አርባና ሰማንያን ስታስተምሩ የታመመ ሕፃን ቀን እንደማይጠበቅለት በዚያው ቃል አብራችሁ አስተምሩ። ለእናቲቱ ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ንገሯት፤ ልጇ ከታመመች በኋላ ጆሮዋ አይሰማም።