የቤት ገበታና የቁማር ጠረጴዛ

ለፍጥረቱ ሁሉ ሲሳይን የሚያከፋፍል፥ የሐላልን መንገድ አስፍቶ የሐራምን በር የዘጋ አላህ ምስጋና ይገባዋል። ሶላትና ሰላም በነቢዩ በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህም በኋላ፤ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ምክር በአባያ ሐይቅ ዳርቻ፥ በአርባ ምንጭና በጋሞ አገር ለሚኖር የቤት ባለቤት የተጻፈ ነው። ነገሩ ግን በሌላውም አገር የሚደርስ ነውና ማንም ቢያነበው ይጠቀምበታል።

ምናልባት አንድ ቀን በቤትህ ያለውን ትርፍ ክፍል ተመልክተህ እንዲህ ብለህ አስበህ ይሆናል፦ «ልጆቹ በሴቻና በሲቀላ በየከረምቡላ ቤቱና በየውርርድ ቤቱ ገንዘባቸውን ከሚያባክኑ፥ እኔ በቤቴ አንድ ጠረጴዛ ላሠራ። ዘመድና ጎረቤት ይሰብሰብበት፤ ቡና ይፈላ፤ ጥቂት ብርም ለቤቱ ይግባ። በዐይኔ ሥር ቢጫወቱ ምን ጉዳት አለው?» ከዚያም አናጢ ትጠራለህ፤ ደኅና ጣውላ ታስመርጣለህ፤ ዳር ዳሩን የእጅ ማሳረፊያ ታስደርግለታለህ፤ ላዩን አረንጓዴ ጨርቅ ታለብሰዋለህ። በጨርቁም ላይ ቁጥሮች ታስጽፋለህ፤ በአጠገቡም የውጭ አገር ሰዎች ሩሌት የሚሉትን ተሽከርካሪ መንኰራኵር ታቆማለህ፤ ወይም መንኰራኵሩን ትተህ ለካርታ ብቻ ታዘጋጀዋለህ።

ወንድሜ ሆይ፥ አናጢውን ከመጥራትህ በፊት ጥቂት ቆይና ስማ።

በመጀመሪያ ጨዋታ ሁሉ ቁማር እንዳልሆነ ዕወቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤታቸው ከእመት ዓኢሻ ጋር በሩጫ ተሽቀዳድመዋል፤ ቀስት መወርወርንና የፈረስ ግልቢያንም ወድደዋል። ልብን የሚያሳርፍ፥ ከሶላት የማያዘገይ፥ የማንንም ገንዘብ የማይነጥቅ ጨዋታ የተዘጋ አይደለም። ቁማር የሚሆነው ግን፥ ተጫዋቾቹ ሁሉ ገንዘብ አስይዘው፥ እያንዳንዱ ወይ የባልንጀራውን ሊወስድ ወይ የራሱን ሊያጣ በገባበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በየከረምቡላው ቤት የተለመደውን «የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይክፈል» የሚለውን ነገር ብዙ ሊቃውንት ከቁማር ቈጥረውታል። ገንዘቡ ትንሽ መሆኑ የነገሩን ስም አይለውጠውም።

ዐረቦች በመሐይምነት ዘመን መይሲር የሚሉት ቁማር ነበራቸው። ቃሉ ከማቅለል የወጣ ነው፤ ያለ ድካም በቀላሉ የሚገኝ ገንዘብ ስለ ሆነ። ግመል ያርዱና ሥጋውን በድርሻ ይከፍሉታል፤ ከዚያም 10 የቀስት እንጨቶች ዕጣ ይጣልባቸዋል። ሊቃውንት እንደ ገለጡት፥ ሰባቱ ከአንድ እስከ ሰባት ድርሻ ያላቸው ሲሆኑ ሦስቱ ባዶዎች ነበሩ፤ ባዶው የወጣበት ሰው የግመሉን ዋጋ ይከፍል ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፥ ያሸነፉት ሰዎች ሥጋውን ለድኾች እየሰጡ በዚሁ ይኩራሩ ነበር። እንግዲህ ጥቅሙ ለድኻ የሚደርስ ቁማር ነበር ማለት ነው። ቅዱስ ቁርኣንም በአልበቀራህ ምዕራፍ በ219ኛው አንቀጽ ለሰዎች ጥቅም እንዳለበት አልካደም፤ ነገር ግን ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ አስታወቀ። በኋላም በአልማኢዳህ ምዕራፍ በ90ኛውና በ91ኛው አንቀጾች ከአስካሪ መጠጥና ከጣዖታት ጋር አብሮ ቈጥሮት ራቁት ሲል አዘዘ፤ በሰዎች መካከል ጠብንና ጥላቻን የሚጥል፥ አላህን ከማስታወስና ከሶላትም የሚከለክል መሆኑን ገለጠ። ድኻ የሚመገብበት ቁማር ይህን ፍርድ ካገኘ፥ ድኻውን ራሱን የሚበላው የአንተ ጠረጴዛ ምን ፍርድ ያገኝ ይሆን?

«በዐይኔ ሥር ነው፤ ማንንም አላታልልም» ትል ይሆናል። ታዲያ ጠረጴዛው እንዴት እንደ ተሠራ እንመርምር። የሩሌት መንኰራኵር ከ1 እስከ 36 ያሉ ቁጥሮችና አንድ ዜሮ አሉት፤ በጠቅላላው 37 ቤቶች ናቸው። በአንድ ቁጥር ላይ 1 ብር ያስያዘ ሰው ቁጥሩ ቢወጣለት 35 ብር ይከፈለዋል፤ የራሱም 1 ብር ይመለስለታል። እንግዲህ አንድ ሰው በ37ቱም ቁጥሮች ላይ አንድ አንድ ብር ቢያስቀምጥ፥ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል፤ 37 ብር አውጥቶም 36 ብር ይቀበላል። አሸንፎ ከሰረ! ያቺ አንዲት ብር ከጠረጴዛው አትወጣም። ሁለት ዜሮ ባለው መንኰራኵር ደግሞ 38 ብር ገብቶ የሚመለሰው ያው 36 ብር ነው። ማንም ሳይሰርቅ፥ ማንም ሳይዋሽ፥ ጣውላውና ቁጥሩ ራሱ ሰውን ለመግፈፍ ተለክቶ የተሠራ ነው።

የካርታውም ጠረጴዛ ከዚህ አይሻልም። አራት ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው 500 ብር ይዘው ቢቀመጡ፥ በክፍሉ ውስጥ ያለው ገንዘብ 2,000 ብር ነው። አንተ ለቤቱ ብለህ ከተሰበሰበው ከእያንዳንዱ 100 ብር 5 ብር ብቻ ትወስዳለህ እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ጊዜ መቶ መቶ ብር ቢሰበሰብ፥ የአንተ ድርሻ 100 ብር ይሆናል፤ በአራት ሰዓትም 400 ብር። ከጎረቤቶችህ ገንዘብ አምስተኛው እጅ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ወደ ኪስህ ገባ ማለት ነው። የቀረውንም እርስ በርሳቸው ተነጣጠቁ።

የአባያን ውሃ ተመልከት። ሐይቁ እንደ ቀይ አፈር የመሰለው በአንድ ቀን ውስጥ አይደለም። ቢላቴና ሐሬ፥ ሌሎቹም ወንዞች ከደጋው የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር ብናኝ በብናኝ እየገባ ነው እንጂ። ቁማርም የቤትን ሀብት የሚወስደው እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የጤፍ መግዣ፥ ነገ የልጅ ደብተር፥ ከነገ ወዲያ የሚስት ወርቅ። ሰውየው የሚነቃው ደጋው ከተራቈተ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የጠረጴዛው ተንኰል ሰውን በተስፋ ማሰር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ የቁማር ቤት ኳሱ በጥቁር ላይ ተደጋግሞ ይወድቅ ጀመር። ሰዎቹም «ከእንግዲህ ቀይ መውጣቱ የግድ ነው» እያሉ ገንዘባቸውን በቀይ ላይ አፈሰሱ። ኳሱ ግን 26 ጊዜ በተከታታይ በጥቁር ላይ ወደቀ፤ ብዙ ሰዎችም በዚያች ሌሊት ከሰሩ። መንኰራኵር ትዝታ የለውም፤ ትናንት አጥተሃልና ዛሬ ልካስህ አይልም። ተበድሮ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ግን ይህን ይጠብቃል፤ «አሁን ተራዬ ነው» እያለ ሱብሒ ያልፈዋል።

ከዚህም የበለጠ ማስረጃ ከዚያው ከሞናኮ አገር እነግርሃለሁ። ፍራንሷ ብላን የተባለው ፈረንሳዊ ከወንድሙ ጋር በ1843 በጀርመን አገር በሆምቡርግ ባለ አንድ ዜሮውን መንኰራኵር አቆመ፤ በ1863ም የሞናኮን የቁማር ቤት ተረከበ። ከዚያ በኋላ በቁማሩ ገቢ ያ ትንሽ አገር ሀብታም ሆነ። ነገር ግን የሞናኮ ሕግ የራሱ የአገሩ ተወላጆች በዚያ ቤት ተቀምጠው እንዳይቆምሩ ይከለክላል፤ ክልከላውም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። አስተውል! እነዚያ ሰዎች የአላህን ሕግ ፈርተው አይደለም፤ የጠረጴዛውን ባሕርይ ስላወቁ ነው። ለእንግዳ ያቆሙትን ለልጆቻቸው ከለከሉ። አንተ ግን ለእንግዳ እንኳ የማይገባውን ልጆችህ በሚበሉበት ቤት፥ እናትህ በምትሰግድበት ግድግዳ አጠገብ ልታቆም ነው። ከቁማር ቤት ጌታ ያነሰ ለልጆችህ ትራራለህን?

«ያለ ገንዘብ፥ በባቄላ ነው የምንጫወተው» ብትል፥ በባቄላ የተያዘው ነገር የማንንም ሀብት እንዳልነጠቀ አላጣሁትም። ነገር ግን ለቁማር ተለክቶ የተሠራ ጠረጴዛ ለልጅ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ባቄላ ማስያዝ የተማረች እጅ ነገ ብር ታስይዛለች፤ በስልክም ለማታውቀው ውርርድ ቤት ትልካለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነርድ የተባለውን በዕጣ ጠጠር የሚጫወቱትን ጨዋታ የተጫወተ ሰው እጁን በእሪያ ሥጋና ደም ውስጥ እንደ ነከረ አድርገው መስለውታል፤ ይህም በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ይገኛል።

ቁርኣን ቁማርን የከለከለበትን ምክንያት ሲገልጥ ጠብንና ጥላቻን ማንሣቱን አስብ። ጠብን የማብረድ ነገር በጋሞ አገር እንግዳ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ በዱቡሻ ተቀምጠው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ደርሶ፥ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፥ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌ ተንበርክኮ ያበረደውን እሳት አንተ በሳሎንህ ልታነድ ነውን? በጠረጴዛህ ላይ የተሸነፈው ጎረቤትህ እየሳቀ ቢወጣም፥ ያንተን ደጅ ባለፈ ቁጥር ልቡ ይቈስላል። ሚስቱም የልጆቿ ራት በማን ቤት እንደ ቀረ ታውቃለች። ያሸነፈው ወንድም የተሸነፈውን ወንድሙን ይንቃል፤ የተሸነፈውም የሚመልስበትን ቀን ይጠብቃል። የሥጋ ዝምድናን የሚቈርጥ ጠረጴዛ የዘመድ መሰብሰቢያ ሊባል አይችልም።

«እኔ አልጫወትም፤ ቦታ ብቻ ነው የምሰጠው» ማለትም አያድንህም። በአልማኢዳህ ምዕራፍ በ2ኛው አንቀጽ አማኞች በበጎ ነገር እንዲረዳዱ፥ በኃጢአትና በወሰን ማለፍ ግን እንዳይተባበሩ ታዝዘዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በአስካሪ መጠጥ ጉዳይ ጠጪውን ብቻ አልወቀሱም፤ ጠማቂውንም፥ ተሸካሚውንም፥ ሻጩንም፥ ዋጋውን የሚበላውንም ከእርግማኑ አግብተዋቸዋል። ስለዚህ አንተም አናጢ ሆይ፥ ጠረጴዛው ለምን እንደሚሠራ ነግረውህ ሳለ መዶሻህን ብታነሣ፥ የእጅህ ዋጋ ንጹሕ አይሆንልህም። ተመሳሳዩን እንጨት ለአልጋ፥ ለበር፥ ለሸማኔ ዕቃ ሥራው፤ በረከት አለበት።

እነሆ፥ በዚህ አገር የሐላል ሲሳይ በር አልጠበበም። የዶርዜ ሸማኔ እግሩን ከጕድጓዱ አስገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል፤ ማታ አንድ ጋቢ ይዞ ይነሣል። የገዛው ሰው ይለብሰዋል፥ የሸጠውም ይበላል፤ ሁለቱም ተጠቀሙ። ዓሣ አጥማጁ በአባያና በጫሞ ላይ አዞ እየፈራ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣል፤ ገበሬውም ሙዙን ተንከባክቦ ለገበያ ይጭናል። የእነዚህ ሰዎች ገንዘብ ከማንም ልጅ አፍ አልተነጠቀም። የቁማር ጠረጴዛ ግን ከመሬት አንዲት ቅንጣት አያበቅልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ የሚያደርገው ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው መጨመር ብቻ ነው።

ምናልባት ይህን የምታነበው ጠረጴዛውን ካሠራህ በኋላ ይሆናል። ተስፋ አትቍረጥ፤ የተውበት በር ክፍት ነው። በመጀመሪያ ጨዋታውን ዛሬውኑ አቁም፤ በሠራኸው ተጸጸት፤ እንዳትመለስበትም ቍርጥ ሐሳብ አድርግ። የወሰድኸውን ገንዘብ ባለቤቱን ካወቅኸው መልስለት፤ አፍረህ እንደሆነ በታመነ ሰው እጅ ላክለት። ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነ ለድኾች ስጠው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልንጀራውን «ና እንቆምር» ብሎ የጠራ ሰው እንኳ ስለ ቃሉ ሰደቃ እንዲሰጥ አዝዘዋል፤ ቃሉ ብቻ ይህን ካስከፈለ፥ ሥራውማ እንዴት ይሆን!

ጠረጴዛውንም ለሌላ ቁማርተኛ አትሽጠው፤ አላህ አንድን ነገር እርም ባደረገ ጊዜ ዋጋውም እርም ነውና። ነገር ግን እንጨቱ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ያቆሸሸው ሥራው ነው። ቁጥር የተጻፈበትን ጨርቅ ገሽልጠህ አቃጥለው፤ መንኰራኵሩን ሰባብረው፤ ጣውላውን በመላጊያ አስልገው። ከዚያም በዚያው ክፍል መልሰህ አቁመውና ልጆችህ ደብተራቸውንና የቁርኣን ሰሌዳቸውን ያኑሩበት፤ ማታም ቢስሚላህ ብላችሁ ራት ብሉበት። ጎረቤቶችህን መጥራት አትተው፤ ያንኑ ቡና አፍላላቸው፤ ይዘው በመጡት ብር ልክም ይዘው ይመለሱ።

አላህ ሆይ፥ በሐላልህ አብቃቅተህ ከሐራምህ ጠብቀን። ቤቶቻችንን የሰላምና የሶላት ቤቶች አድርግልን፤ የልጆቻችንንም እጅ ለሥራ አጽናልን። አሚን።