የነገው መብራትና የዛሬው ጨለማ



ጀብራ ውስጥ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ስለ አቶም ኃይል ጨዋታ ተነሣ። አንዱ፣ «ወደፊት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ አገር የሚያበራ ኤሌክትሪክ ይወጣል አሉ» አለ። ሌላው፣ «እስቲ መጀመሪያ ይህችን አምፖል ያብሩልን!» ብሎ መለሰ። ሁሉም ሣቀ፤ እኔ ግን አልሣቅሁም። ምክንያቱን ልናገር።

አገር ቤት ሳለሁ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ስለ አቶም ውሕደት ባስተማርሁበት ቀን፣ ይህ ኃይል በሃያ ዓመት ውስጥ ዓለምን እንደሚያዳርስ በሙሉ አፌ ተናገርሁ። ከገጠር የመጣ አንድ ሠልጣኝ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ እኔ የምመደብበት ትምህርት ቤትም ይደርሳል?» አለኝ። «እንዴታ!» አልሁት። ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ ያላረጋገጥሁትን ነገር እርሱ እንደ እውነት ጻፈው።

ለመሆኑ በጨለማ ለተቀመጠ ሰው የነገን ብርሃን ተስፋ መስጠት ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ በምን ደንብ?

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። እስከ ዛሬ ያሉት የአቶም ማመንጫዎች በዋናነት የሚሠሩት ዩራኒየምን በመሰንጠቅ ነው። አማራጭ ተብለው ከሚነገርላቸው አንዱ ቶሪየም ነው። ቶሪየም እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ብቻውን አይነድም፤ እሳት አጠገብ ሲቆይ ግን ለመንደድ ይበቃል። ኒውትሮን ሲውጥ ውሎ አድሮ ዩራኒየም 233 ወደሚባል ነዳጅ ይለወጣል። አሜሪካኖች ለዚህ መንገድ የሚሆን፣ በቀለጠ ጨው የሚሠራ ምድጃ ኦክ ሪጅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 ሞክረው ተዉት። ቻይናም በጋንሱ ምድር አንድ ትንሽ የሙከራ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኩሳለች።

ሌላው ውሕደት ነው፤ ፀሐይ የምታበራበት መንገድ። እ.ኤ.አ. በ1955 ጄኔቫ ላይ የሕንዱ ሊቅ ሆሚ ባባ ዘዴው በሃያ ዓመት ውስጥ እንደሚገኝ ተነበየ። ሃያው ዓመት አለፈ፤ ሌላ ሃያም፣ ሌላ ሃያም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ 2.05 ሜጋ ጁል የሌዘር ጨረር ያረፈበት ቅንጣት ነዳጅ 3.15 ሜጋ ጁል መልሶ ሰጠ። ታላቅ ድል ነው! ነገር ግን ሌዘሩን ለመተኮስ 300 ሜጋ ጁል ያህል ኤሌክትሪክ ፈጅቷል። አንድ ጆንያ ከሰል ማግዶ አንድ ጀበና ቡና እንደ ማፍላት ነው። ብዙ መንግሥታት ፈረንሳይ ውስጥ በጋራ የሚገነቡት ኢተር የተባለው ምድጃም ሥራ መጀመሪያው ወደ 2034 ተገፍቷል።

እንግዲህ ባባ ዋሸን? አልዋሸም። ተስፋ ባይኖር ያን ሁሉ ዘመን ማን ይደክም ነበር? ይሁን እንጂ የእርሱ ስሕተትና የእኔ ስሕተት አንድ አይደሉም። እርሱ የተናገረው መርምረው ሊያርሙት ለሚችሉ ሊቃውንት ነው፤ እኔ ግን ከእኔ ሌላ የሚጠይቀው ለሌለው ወጣት ነው። ተስፋ ዕዳ የሚሆነው ሰሚው ሊመዝነው በማይችልበት ጊዜ ነው።

ይህ የእኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የአቶም ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል መርሐ ግብር ከሩሲያ ጋር ተፈራርማለች። ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ግን ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። የሕዳሴው ግድብ በ2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ ሕዝቡ ቦንድ ገዛ፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ገንዘቡን ያዋጣ ሰው «ምን ላይ ደረሰ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው እንላለን። እኔ ደግሞ ዕድሜውን በመጠበቅ ያዋጣም እኩል መብት አለው እላለሁ። የመጠበቅን ዋጋ ለእኛ ለስደተኞች ማንም አይነግረንም።

ስለዚህ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ሦስት ነገር ይናገር፤ የተሠራውን፣ የቀረውን፣ እስከዚያም የሚደረገውን። ሦስተኛውን የሚዘል ተስፋ ያለችውንም ኩራዝ ያስጠፋል።

ያ ሠልጣኝ ዛሬ ቢጠይቀኝ፣ «መቼ እንደሚደርስ አላውቅም» እለዋለሁ። «ተማሪዎችህ ግን እርሱን አይጠብቁ። ጣሪያ ላይ የምትቀመጥ አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ ለማታ ንባብ ትበቃለች፤ እርሷም የምትሰበስበው ያንኑ የውሕደት ኃይል ነው» እለዋለሁ።

ያ የጀብራው ወንድሜም ተስፋውን የነቀፈ አይመስለኝም። የጠየቀው ስለ አምፖሏ ነበር፤ ጥያቄውም መልስ ይገባዋል።