አገሩ እስኪመለስ

«ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» መንገደኛ ሲሸኝ ትልልቅ ሰዎች የሚሉት፣ ስደተኛም ሆድ ሲብሰው ለራሱ የሚደግመው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለአንድ ነገር ነው፤ ቻለው ለማለት። የሰው አገር ነውና ያዘዙህን ሥራ፣ የሰጡህን ብላ፣ ቀን እስኪያልፍ ጥርስህን ነክሰህ ያዝ። እኔ ግን ይህ አባባል ከ«ቻለው» የጠለቀ ነገር ያውቃል እላለሁ። የሳተውም ነገር አለ።

ቀስ ብለን እንየው። ስደተኛው አህያ ነው አላለም፤ ፈረስ ነውም አላለም። የጫነው ሲመጣ አህያ፣ የለጎመው ሲመጣ ፈረስ ይሆናል። ምን እንደሆነ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። አገሩ ሳለ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አበልጅ፣ ለሽምግልና የሚጠራ፣ በሰርግ ቤት መቀመጫው የታወቀ ሰው ነበር። ድንበር ሲሻገር ይህን ሁሉ የሚያይለት ዓይን ያጣል። ከዚያ ደግሞ ሁለት ነገር ተጠቅሷል፤ ጭነትና ልጓም። ጭነት የሚያርፈው ጀርባ ላይ ነው፣ ልጓም የሚገባው አፍ ውስጥ ነው። ስለ ጭነቱ ስደተኛ ሁሉ ያወራል፤ ስለ ሌሊት ፈረቃው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ በየወሩ ስለሚላከው ገንዘብ። ስለ ልጓሙ የሚያወራ ጥቂት ነው። የባህል ድንጋጤ የሚሉት ግን በአብዛኛው ልጓሙን ነው፤ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ማክበሪያ፣ መለመኛ፣ ማዘኛና መቆጫ ሁሉ ድንገት ሰሚ ማጣቱን።

ከትንሹ እንጀምር። እኛ ዘንድ የቀረበ ምግብን በመጀመሪያው ግብዣ መቀበል ያሳፍራል። እንግዳ «ጠግቤያለሁ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፤ ደግማ ደጋግማ ስትለምነው እጁን ይታጠባል። ይህን ሥርዓት ይዞ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ጎረቤቱ ቤት የተቀመጠ ሰው «አልፈልግም» ሲል በአንድ ቃሉ ይታመንና ሳህኑ ይነሣል። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፤ አንዱ የሰውን ጓዳ አከበረ፣ ሌላው የሰውን ቃል አከበረ። እንግዳው ግን እንደራበው፣ ከረሃቡም ይልቅ ቅር እንዳለው ይወጣል። ሥራ ቦታ አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባ «እንብላ» ሳይል ምሳውን ብቻውን ሲበላ ያያል፤ እሱ «እንብላ» ሲል ደግሞ ያ ሰው ግራ ይጋባል። በልጆች ላይ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ታላቅ ሲናገረው ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ልጅ እኛ ዘንድ የተቀጣ ልጅ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት የእውነተኛነት ምልክት በሆነበት ትምህርት ቤት ይኸው ልጅ የደበቀው ነገር ያለው፣ ወይም ትምህርቱ ያልገባው ይመስላል። ለአዎንታ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ መሳባችን እንኳ ለባዕድ ጆሮ የድንጋጤ ድምፅ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚከብደኝ የመርዶ ነገር ነው። አገር ቤት ሞት እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ይመካከራል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ማልዶ፣ ባለሐዘኑ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል። የሚያረዳው ሰው ተመርጦ ነው፤ የሚደግፉት በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ሥርዓቱ ሁሉ የተሠራው ባለሐዘኑ ክፉውን ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ባሕር ማዶ ግን ስልክ ይደወልና ይነገራል። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ «በሽታህ የሚድን አይደለም፣ የቀረህ ጊዜ ይህን ያህል ነው» ይለዋል። ቤተሰብን ለብቻ ጠርቶ መንገር፣ ሕመምተኛውን ግን በተስፋ ማቆየት፣ በእሱ ሙያ የሰውየውን መብት መንፈግ ነው። ሐኪሙ ጨካኝ አይደለም፤ እውነትን መሸሸግ ንቀት በሆነበት ባህል ያደገ ሰው ነው። ለእኛ ሰው ግን ንግግሩ ሟርት ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ተስፋውን ማውጣት ነው። ያንን ቃል ሰምቶ ቤቱ የገባ አባት፣ ልጆቹ ከእሱ ሊደብቁት ይገባ የነበረውን እሱ ከልጆቹ ሲደብቅ ይኖራል።

ይሁንና መርዶ ስደት ላይ አልጠፋም። አገር ቤት ዘመድ ሲሞት ወሬው አሁንም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አስቀድሞ ለጓደኛ ነው። ጓደኞች ይደዋወላሉ፣ ፈረቃ ይቀያየራሉ፣ ባለሐዘኑ ፌስቡክ ከፍቶ ከማየቱ በፊት ሊደርሱበት ይሽቀዳደማሉ። በሩን የከፈተው ሰው በዚያ ማለዳ ያን ሁሉ ወዳጅ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያይ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ይጮኻል፣ ይይዙታል። ጎረቤቱ ፖሊስ እንዳይጠራ ከመካከላቸው አንዱ ወጥቶ ያስረዳል። ዕድሩም በድንኳን ፋንታ አዳራሽ ተከራይቶ ቀጥሏል። አባባሉ ያላየው ይህን ነው። የተለጎመ ፈረስ ለሌላ የተለጎመ ፈረስ ማልዶ አይደርስለትም፤ ሰው ግን ይደርሳል።

ደራሽ የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ያሳያል። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ሠዉ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐረፉ። አማርኛ የሚያውቅ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል መኮንን አብሮት ነበርና ልጁ እሱን ሙጥኝ አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት፣ በግል ማስታወሻቸውም ስለ እሱ ጻፉ። ማንም ምንም አልጫነውም። ነገር ግን በእንግሊዝ ሥርዓት እንዲማር ተወስኖ ከስፒዲ ተለየ፤ ቼልተንሃም፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 18 ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው። አጽሙ ለአገሩ እንዲበቃ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. እንደማይቀበል አስታውቋል። በዚህ ልጅ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚቆጨኝ የስፒዲ መለየት ነው። በእናቱ ቋንቋ የሚያዋራውን ሰው ለመልካም አስተዳደግ ብለው ነጠሉት፤ ወሳኞቹም በጎ ያደረጉ መስሏቸው ነበር። ልጓም በፍቅርም ይገባል።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ አባባሉን ከመነሻው ያስቸግሩታል። «ከአገሩ የወጣ» ሲል አገሩ የቱ እንደሆነ የታወቀ ነው ብሎ ነው። የጎንደርን ሸክላና ማረሻ የሠሩ እጆች በጎንደር ርስት አልነበራቸውም፤ ቡዳ ይባሉ ነበር፤ በተወለዱበት መንደር እንግዳ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲወጡ በመንገድና በመጠለያ ሺዎች ሞቱባቸው። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ተጓጓዙ። እነሱ በልባቸው ከአገር እየወጡ አልነበረም፤ ትውልድ በትውልድ በጸሎት ወደ ጠሯት ኢየሩሳሌም እየተመለሱ ነበር። በአባባሉ ስሌት ጭነቱም ልጓሙም እዚያ መውለቅ ነበረበት።

የጠበቃቸው ሌላ ነው። መዝጋቢው የቤተሰብ ስም ጠየቀ፤ ሰው በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር ያደጉ ናቸውና አልነበራቸውም። ስለዚህ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈ፤ ብዙ ልጆችም አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚገለሉባት ጎጆ በፎቅ ቤት ቦታ አልነበራትም። ለወጣቶቹ ይህ እፎይታ ነው። ለአሮጊቶቹ ግን በጎንደር ተራራ ላይ የጠበቁት ንጽሕና እዚያው ቅድስት አገር ላይ ፈረሰ ማለት ነበር፤ ሐዘናቸውን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ መቁጠር አይገባም። ልጆች ዕብራይስጡን ቶሎ ለመዱት። አባት ወደ ሐኪም፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ትምህርት ቤት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ መሄድ ጀመረ። ትናንት ፊቱ ቆሞ ይታዘዝ የነበረ ልጅ ዛሬ የአባቱን ሕመም ለባዕድ ይዘረዝራል፤ መምህሩ ስለ ልጁ ጥፋት የሚናገረውን ለአባቱ የሚተረጉመውም ራሱ ጥፋተኛው ነው። አባት ከዚህ በኋላ በየትኛው አፉ ይቆጣ?

ከዚህ ሁሉ የባሰው ሃይማኖታቸው መጠርጠሩ ነበር። የራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ወደ አይሁድነት የመግባት ሥርዓት ለይስሙላም ቢሆን እንዲፈጽሙ ጠየቀ። አይሁድ በመሆናቸው መከራ ያዩ ሰዎች አይሁድ ሁኑ ተባሉ። ዝምተኛና ታዛዥ የተባሉት እነዚያ ሰዎች በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶቹም ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ኅብረ ቀለም ጃንጥላቸውን አስይዘው፣ ኦሪቱን በግዕዝ እያነበቡ ስግድን ማክበር ቀጠሉ። ከአስተስርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን አገር ቤት ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልዩ ነበር፤ አሁን ኢየሩሳሌምን ቁልቁል በሚያሳይ ከፍታ ላይ ቆመው ይጸልያሉ። በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገ። አድልዎ በሕግ አያልቅም፤ በ1988 ዓ.ም. የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይደፋ እንደነበር ሲሰሙ አደባባይ የወጡበት ቁጣ ምክንያት ነበረው። ቢሆንም ስግድ የተከበረው ወደ ጎንደር በመመለስ አይደለም። ልጓሙን የፈታው እዚያው ባሉበት፣ ሥርዓታቸውን የሚያውቁ ቄሶችና ያንን ሥርዓት አንጥልም ያሉ ሰዎች አብረው መኖራቸው ነው።

ወደ ዓረብ አገር ስንመጣ አባባሉ ቃል በቃል ይፈጸማል። በካፋላ ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥላ ስትወጣ ሕገወጥ ትሆናለች። ቪዛ ለማግኘት ስማቸው ፓስፖርት ላይ ሳይቀር የተለወጠ እህቶች አሉ። እዚህ ላይ የባህል ድንጋጤ እያሉ መተንተን በደልን ማስዋብ ይሆናል፤ ጭነት ነውና ጭነት እንበለው። «ቻይው» ለማለት ይህን አባባል መጥቀስም ኃጢአት ይመስለኛል። ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ደግሞ «አገሩ እስኪመለስ» የሚለው ክፍል ተፈተነ። ከተመላሾቹ አንዷን ውሰዱ፤ ቆርቆሮው የተመታው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው፣ ወንድሟ የተማረው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ለዓመታት የሚያውቃት በሐዋላ ነው። አቅፈው ከሳሟት በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ነው። ያየችውን መናገር አትችልም፤ ብትናገር እናቷ ትታመማለች፣ ጎረቤት ያማታል። አገሯ ገብታም አፏ አልተፈታም።

ይህንን አስቀድመው የኖሩ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እሳቸውም እንደ ዓለማየሁ ከመቅደላ በዚያው ጦር የተወሰዱ ሕፃን ነበሩ። አንድ መኮንን ሕንድ አደረሳቸው፤ እሱ ሲሞት ሌላ መኮንን አስተማራቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ሕክምና ተማሩ፣ በርማ ሠሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲመጡ ቤተሰቦቻቸው ገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩዋቸው። ከሥጋ ዘመዶቻቸው ጋር ያወሩት ግን በአስተርጓሚ ነበር። አያት የልጅ ልጇን አቅፋ፣ የምትለውን ለሌላ ሰው ነግራ እንዲያደርስላት ስትጠብቅ አስቡት። «እስኪመለስ» የተባለው ቀን ደርሷል፤ ልጓሙ እንዳለ ነው። ሐኪሙ ተመልሰው በርማ ሄዱ፤ ዓመታት ቆይተው በመጨረሻ አገራቸው ገብተው ቀሩ። የእናታቸውን ቋንቋ እንደ ባዕድ ተማሩ፣ ከአገራቸው ሴት ወለዱ፣ በሽተኛ አከሙ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን በኃላፊነት መሩ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ለንደን ነበሩ። ከመቅደላ የወሰዳቸው ጦር አፋቸው ውስጥ ያስገባውን እንግሊዝኛ፣ በእንግሊዞች አዳራሽ ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱበት።