የሰው ሕይወት በሚዛን አይቀመጥም



አትግደል የምትለዋን አምስተኛዪቱን ትእዛዝ ሕፃናቶቻችን ለመጀመሪያ ቁርባን ሲዘጋጁ በቀላሉ ያጠኗታል። እኛ ዐዋቂዎቹም ለንስሐ ኅሊናችንን ስንመረምር ፈጥነን እናልፋታለን። እጃችን ደም ስላላፈሰሰ ይህች ትእዛዝ እኛን የምትመለከት አይመስለንም። ጌታችን ግን በተራራው ስብከቱ (ማቴ. 5፡21-22) ነገሩን ከእጅ ወደ ልብ አውርዶ፣ ወንድሙን የሚንቅና የሚያዋርድ ሰው በዚህችው ትእዛዝ እንደሚጠየቅ አስተምሮናል። ከመግደል በፊት መናቅ አለ፤ ከመናቅም በፊት ሰውን በሚዛን አስቀምጦ መገመት አለ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሰው ሕይወት ቅዱስ ነው ስንል ምክንያታችን ምንድን ነው? ሰውን የምንመዝንባቸው ሚዛኖችስ ከዚህ እምነት ጋር ይስማማሉን?

የክብሩ ምንጭ

«ቅዱስ» የሚለው ቃል በቅዱሳት መጻሕፍት አነጋገር ለእግዚአብሔር የተለየ ማለት ነው። ለመሥዋዕተ ቅዳሴ የተባረከውን ጽዋ እናስብ። ከወርቅ ቢሠራም ከብር፣ አዲስ ቢሆንም ያረጀ፣ አንድ ጊዜ ከተባረከ በኋላ ማንም ወስዶ የቤት ውኃ አይጠጣበትም። የሚከበረው በተሠራበት ማዕድን ዋጋ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የተለየ በመሆኑ ነው። የሰውም ክብር እንዲሁ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ሰው በእግዚአብሔር አርአያና ምሳሌ መፈጠሩን (1፡26-27)፣ ከምድር አፈር ተበጅቶም የሕይወትን እስትንፋስ በቀጥታ ከፈጣሪው መቀበሉን (2፡7) ይነግረናል። ይህ የአርአያነት ማኅተም በአእምሮ ብሩህነት ወይም በክንድ ጉልበት ላይ ብቻ የታተመ ቢሆን ኖሮ፣ አእምሮ ሲደክምና ጉልበት ሲዝል ማኅተሙ አብሮ በተፋቀ ነበር። እምነታችን ግን እንዲህ አያስተምርም፤ ማኅተሙ ያለው በሰውየው በራሱ ላይ ነው።

በምሥጢረ ሥጋዌ ይህ ክብር ይበልጥ ከፍ ብሏል። የእግዚአብሔር ልጅ ዐዋቂ ሰው ሆኖ በድንገት አልተገለጠም፤ በእመቤታችን በድንግል ማርያም ማኅፀን ተፀነሰ። ቅዱስ ሉቃስ እንደሚተርክልን (1፡39-44)፣ ገና ያልተወለደው ዮሐንስ ገና ያልተወለደውን ጌታ በደስታ እየዘለለ ተቀበለው። ቋንቋችንም ለዚህ እውነት ይመሰክራል። የፀነሰችን ሴት «ነፍሰ ጡር» እንላታለን፤ ነፍስን የተሸከመች ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ሲያወጡ፣ የተሸከመችው ነገር ወደ ፊት ነፍስ ይሆን ይሆናል ብለው አልተጠራጠሩም።

ይህ ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን ልደት ጀምሮ የነበረ ነው። በሮማውያን መንግሥት ያልተፈለገን ሕፃን አውጥቶ መጣል የተለመደ በነበረበት ዘመን፣ «ዲዳኬ» የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መጽሐፍ ፅንስ ማስወረድንም የተወለደን ሕፃን መግደልንም አንድ ላይ ከለከለ። በ4ኛው ምእተ ዓመት ደግሞ የቂሳርያው ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ታላቅ መጠጊያ ሠራላቸው። እንግዲህ ክልከላውና እንክብካቤው ከመጀመሪያው አብረው የመጡ መሆናቸውን ልብ እንበል።

የመጀመሪያው ሚዛን፦ ጥቅም

ሰውን በሚሰጠው ጥቅም መመዘን ወዴት እንደሚያደርስ በ20ኛው ምእተ ዓመት በጀርመን አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርል ቢንዲንግ የተባለ የሕግ ምሁርና አልፍሬድ ሆኸ የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ መኖር የማይገባው ሕይወት አለ ብሎ የሚከራከር አነስተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። የናዚ መንግሥት ሥልጣን በያዘ ጊዜ አሳቡ ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ ተማሪዎች አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ መንግሥትን ስንት እንደሚያስወጣው በሒሳብ መጽሐፋቸው ያሰሉ ነበር። አንድ የቅስቀሳ ሥዕልም የዘር በሽታ ያለበት ሰው በዕድሜው ሙሉ ሕዝቡን 60,000 ማርክ እንደሚያስወጣ ያውጅ ነበር። ከሒሳቡ በኋላ ግድያው መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1940 መጀመሪያ እስከ ኦገስት 1941 ድረስ በስድስት ስፍራዎች ከ70,000 በላይ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች በመርዝ ጋዝ ተገደሉ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1941 የሙንስተር ጳጳስ ክሌመንስ ኦገስት ፎን ጋለን በቅዱስ ላምበርት ቤተ ክርስቲያን ቆመው ይህን ግድያ በግልጽ አወገዙ። ክርክራቸው ለማንም የሚገባ ነበር። ትርፍ የማያስገኝ ሰው ሊገደል ይችላል ከተባለ፣ በሥራ ላይ አካሉ የጎደለው ሠራተኛ፣ ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰው ወታደር፣ ነገ የምናረጀው እኛ ሁላችን ምን ዋስትና አለን? ሲሉ ጠየቁ። ስብከቱ በስውር እየተባዛ በአገሩ ሁሉ ተዳረሰ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ሂትለር የጋዙ ግድያ እንዲቆም አዘዘ። ሆኖም በረኃብና በመድኃኒት የሚፈጸመው ግድያ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በስውር ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያን እኒህን ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ2005 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሒሳብ በመጽሐፍ ታትሞ አልተማርነውም፤ ነገር ግን ከቤታችን ፈጽሞ የራቀ አይደለም። «ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ» ብለን እንመራረቃለን። ምርቃቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን መጦርም መቅበርም የማይችል ልጅ ሲወለድስ? በእንግዳ ፊት እንዳይታይ በጓዳ የተቆለፈበት፣ ስሙ በቤተሰቡ ቍጥር የማይጠራ፣ «ምን ይገባዋል» ተብሎ ለቁርባን ዝግጅት ያልቀረበ ልጅ በየቁምስናችን የለምን? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ ሁለቱንም እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9፡1-3)። ጎረቤት የሚያንሾካሹከው ግን እስከ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ነው።

ስለ አረጋውያንም እንዲሁ እናስብ። ዕድራችን ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን ሲሞት ድንኳን የተተከለለት፣ ንፍሮ የተቀቀለለት፣ ሦስት ቀን የተለቀሰለት ሰው፣ በሕይወቱ ሳለ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ወራት ሲቈጥር ደጁን የረገጠ ጠያቂ አጥቶ እንደ ነበር የምናውቅበት ጊዜ አለ። ለሬሳው የሰጠነውን ክብር ለሕይወቱ ስንነፍገው ሚዛናችን እንደ ተዛባ ራሱ ቀብሩ ይመሰክርብናል።

ገና ያልተወለደው ልጅ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሚዛን ይጎዳል፤ የሚከራከርበት አንደበት እንኳ የለውምና። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1995 ባወጡት «የሕይወት ወንጌል» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ፅንስ ማስወረድ ምን ጊዜም ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት መሆኑን አጽንተዋል (ቍ. 62)። ይሁን እንጂ ጣታችንን በልጅቱ ላይ ብቻ የምንቀስር ከሆነ ትምህርቱን በግማሹ ይዘነዋል። ፀነሰች ተብላ ከቤት የተባረረችው የቤት ሠራተኛ፣ ልጁ የእኔ አይደለም ብሎ የሸሸው ወንድ፣ ከልጃቸው ሕይወት የሰፈር ወሬ የከበደባቸው ወላጆች አሉ። በር ዘግተንባት ስታበቃ ሕይወት ቅዱስ ነው ብለን ብንሰብክላት በምን ጆሮዋ ትስማን? እኒሁ ር.ሊ.ጳ. በዚያው መልእክት (ቍ. 99) ፅንስ ያስወረዱ ሴቶችን በአባትነት ቃል አጽናንተው፣ ተስፋ ሳይቈርጡ ወደ እግዚአብሔር ምሕረት እንዲቀርቡ ጋብዘዋቸዋል። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ለካህናት ሁሉ ይህን ኃጢአት በምሥጢረ ንስሐ የመፍታት ሥልጣን አጽንተው ሰጥተዋል። ይህን ቁስል በልብዋ ይዛ ለዓመታት ከቁርባን የራቀች እኅት ካለች፣ በሩ ክፍት መሆኑን ከእኛ ልትሰማ ይገባታል።

ሁለተኛው ሚዛን፦ ወገን

የሞት ወሬ ሲሰማ «ነፍስ ይማር» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። በእነዚህ ዓመታት ግን ከዚህ ጸሎት የሚቀድም አንድ ጥያቄ ለምደናል፤ ሟቹ ከየት ወገን ነው? እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በየክልሉ በተነሡት ግጭቶች፣ የራሳችንን ሙታን አልቅሰን የሌላውን በዝምታ፣ አንዳንዴም በደስታ አሳልፈናል። የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር ሲጮኽ (ዘፍ. 4፡10) በአንድ ነገድ ቋንቋ አልጮኸም። ደጉ ሳምራዊም (ሉቃ. 10፡30-37) በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው ቁስሉን አሰረለት እንጂ ዘሩን አልጠየቀውም። የሌላውን ወገን ሞት እንደ ሞት አለመቍጠር በገዛ እጅ መግደል አይደለም፤ ነገር ግን ገዳዩ ያለ ኀፍረት በመካከላችን የሚመላለስበትን መንገድ ይጠርጋል።

ሦስተኛው ሚዛን፦ በደል

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን ይህኛው ነው። ንጹሑ ሰው አይገደል በሚለው ሁላችን እንስማማለን። በደለኛውስ? እግዚአብሔር ወንድሙን በገደለው በቃየን ላይ ፈርዶበታል፤ ነገር ግን ማንም እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት (ዘፍ. 4፡15)። «የሕይወት ወንጌል» ከዚህ ተነሥቶ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ሰብአዊ ክብሩን እንደማያጣ ያስተምራል (ቍ. 9)። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቍ. 2267 ተሻሽሎ፣ የሞት ቅጣት የሰውን ክብር የሚጻረር በመሆኑ ተቀባይነት የሌለው መሆኑ የተገለጸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ትምህርት ለአገራችን የደም መመለስ ልማድ ቀጥተኛ መልስ አለው። ደም ያልመለሰ እንደ ወንድ በማይቈጠርበት አካባቢ፣ በቀል እንደ ፍትሕ ይታያል፤ የአንዱ ሞት የሌላውን ሞት እየወለደ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። እዚያው ባህል ውስጥ ግን ሽምግልና፣ ካሣና እርቅ አሉ። በዳይንና ተበዳይን በአንድ ስፍራ አስቀምጠው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች የቃየንን ምልክት ትርጕም ያውቃሉ ማለት ይቻላል። ይህ ማለት በደል አይቀጣ፣ ራሱንና ቤተሰቡን ከአጥቂ የሚከላከል ሰውም ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሕጋዊ መከላከልን ቤተ ክርስቲያን ትቀበላለች። የምትቃወመው፣ ሰው በበደሉ ምክንያት ሰውነቱን አጥቷል የሚለውን ፍርድ ነው።

ሊነሣ የሚችል ጥያቄ

ሕይወት ይህን ያህል ቅዱስ ከሆነ፣ የሚሞትን ሰው በማንኛውም ዋጋ፣ በማንኛውም መሣሪያ ማቈየት ግዴታችን ነውን? አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሰው የተለመደውን ሕክምና መቀበል እንደሚገባው፣ ነገር ግን ከዐቅም በላይ ሸክም የሚሆነውን ልዩ ሕክምና የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት አስረድተዋል። የሕመምን ሥቃይ የሚያስታግሥ መድኃኒት መስጠትም የተፈቀደ ነው። ቤት ንብረቱን ሸጦ ተስፋ ወደሌለው ሕክምና ያልሄደ ቤተሰብ አባቱን እንደ ገደለ ሊቈጥር አይገባውም። ሞትን በጊዜው መቀበልና ሞትን ሆን ብሎ ማምጣት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሕይወት የእግዚአብሔር መሆኑን ያምናል፤ ሁለተኛው ራሱን የሕይወት ጌታ ያደርጋል። በሁለቱም መካከል ግን የማይቋረጥ አንድ ግዴታ አለ፤ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ እጅን ይዞ አጠገብ መቀመጥ፣ ምሥጢረ ቀንዲልንና ቅዱስ ቁርባንን ማቅረብ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

አምስተኛዪቱን ትእዛዝ ስታስተምሩ በነፍስ ግድያ ብቻ አትወስኗት። በየመንደራችሁ የተደበቀ ልጅ ካለ ቤቱን ፈልጋችሁ አንኳኩ፤ ለጥምቀትና ለቁርባን ይቅረብ፤ ቆሞሱም ይወቀው። ያላገባች ነፍሰ ጡር በቁምስናችሁ ብትኖር፣ ሐሜቱ ሳይደርስባት የሚረዳት ሰው ይድረስላት። የዕድራችሁ አባል ከሆናችሁ፣ ለቀብር ከሚዋጣው ላይ ለአልጋ ቁራኛ መጠየቂያ ጥቂት እንዲመደብ አሳብ አቅርቡ። በምእመናን ጸሎትም የራሳችንን ወገን ሙታን ብቻ ሳይሆን በሌላኛው በኩል የወደቁትንም አንሡ፤ መጀመሪያ ላይ ለአንደበት ይከብዳል፣ ነገር ግን ቅዳሴያችን የሁሉ አባት የሆነውን አምላክ የሚያመልክ መሆኑን የምናሳይበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጌታ ስለሚያቀርብልን ጥያቄ አስቀድሞ ነግሮናል (ማቴ. 25፡31-46)። የተራበው፣ የታመመው፣ የታሰረው ሰው ምን ይጠቅም እንደ ነበር፣ ከማን ወገን እንደ ሆነ፣ በምን ወንጀል እንደ ታሰረ በዚያ ጥያቄ ውስጥ አልተጠቀሰም። የሚጠየቀው ያደረግንለት ወይም ያላደረግንለት ብቻ ነው። የሕይወት ባለቤት የሆነው አምላክ፣ እርሱ ያከበረውን የምናከብርበት ልብ ይስጠን። አሜን።